አንበሳውን የማይ መስዬ

ጋሼ ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ባይነግሩኝም አልጽፍም ነበር፤ ሙያዬ አይፈቅድም። ታሪኩን ግን ጻፊው ብለዋል። "ታፋዬን አይቶ የሚያውቀኝ ሰው የለም" ብለው ሲስቁ ነርሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሰምታ አብራ ሳቀች።

የመጡት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ካሉት የምርመራ ማዕከላት በአንዱ ነው። ሥራዬ በአልትራሳውንድ የሰው ደም ሥር ማየት ነው። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ቆሟል። ጋሼ ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ቦታ አርፈዋል። ልጃቸው ደረሰኙን ይዛ ከኋላ ትከተላለች።

"ምን ሆኑ አባባ?" አልኳቸው።

"በመጀመሪያ አባባ አትበይኝ። ጋሼ በይኝ።"

71 ዓመታቸው ነው። እሺ ጋሼ አልኩ።

"ከለገሃር እነሣለሁ" አሉ። "ወደ ብሔራዊ ቴአትር አቀናለሁ። አንበሳው ጋ ስደርስ የቀኝ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ቆም እላለሁ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ። ይለቀኛል። እንደገና እሄዳለሁ። ትንሽ ሳልርቅ ደግሞ ይይዘኛል።"

"ሲይዝዎት ምን ያደርጋሉ?"

"ምን አደርጋለሁ! አንበሳውን የማይ መስዬ እቆማለሁ። ሰው ይሄ ሽማግሌ ደከመ እንዳይለኝ።"

እንዲህ ጥርት ብሎ የተነገረ ሕመም መጽሐፍ ላይም አላነበብኩም። ሲሄዱ የሚመጣ፣ ሲቆሙ የሚለቅ፣ ሁልጊዜ ያው ርቀት ላይ የሚይዝ የባት ሕመም ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እግሩ ደም እያጠረው መሆኑ ነው። ጀርመኖች ይህን በሽታ "የሱቅ መስኮት በሽታ" ይሉታል። ታማሚው ባመመው ቁጥር የሱቅ መስኮት የሚያይ መስሎ ስለሚቆም ነው። የእኛ ሰው መስኮት አላስፈለጋቸውም። የፈረንሳዊው ቀራጺ የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ አለላቸው።

አልጋው ላይ ወጡ። ብሽሽታቸው ላይ ጄል ጨመርኩ። ጄሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። እሳቸውም ደነገጡ፤ ግን አልደነገጥኩም አሉ። ወሬ ለማስያዝ ሥራቸውን ጠየቅኳቸው።

"ሥጋ ቤት ነበረኝ። ሠንጋ ተራ። 38 ዓመት።"

እጄ ቆመ። ለእኔ ሥራ ከዚህ የተሻለ ታማሚ ከየት ይመጣል?

ሠንጋ ተራን የዛሬ ልጆች የሚያውቁት በኮንዶሚኒየሙና በባንክ ሕንጻዎቹ ነው። ስሙ ግን የሠንጋ ነው። ጋሼ ቤታቸው ሲፈርስ ወደ ጀሞ ሄደዋል። በየቀኑ ግን በሚኒባስ ተመልሰው ይመጣሉ። ምን ሊሠሩ? ምንም። ለገሃር ይወርዳሉ፣ በእግራቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ የድሮ ጓደኞቻቸው ጋ ቡና ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሕመሙ የነጠቃቸው ያችን መንገድ ነው። ለዚህ ነው የመጡት እንጂ ለሕመሙማ ባልመጡም ነበር። ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

"የስንት ታፋ ብልት አውጥተዋል?" አልኳቸው።

"ቁጥሩን ተዪው። ብልቱን ጠይቂኝ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ብልት የሚለውን ቃል ከተማ ውስጥ ስናነሣ ሰው ያፍራል። ለአንድ ነገር ብቻ ስላዋልነው ነው። ሥጋ ቤትና ጓዳ ውስጥ ግን ቃሉ አሁንም ሙሉ ነው። ዶሮ 12 ብልት አላት። እናቴ አንዱን ብልት አጥንቱ ላይ ብታበላሽ ቀኑን ሙሉ ትበሳጭ ነበር። ብልት ማውጣት ማለት መገጣጠሚያውን አውቆ፣ ሥጋውን ከሥጋው በሽፋኑ ለይቶ፣ ሳይሸረካክቱ ማውጣት ነው። የሕክምና ተማሪ ሆኜ አስከሬን ፊት ስቆም መምህራችን ያስተማረን ያንኑ ነው። እኔ ግን ከእናቴ ጓዳ ተምሬው ነበር የሄድኩት።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

ጣታችሁን ብሽሽታችሁ ላይ ብታሳርፉ ትር ትር የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ከዳሌያችሁ ሹል አጥንት አንስታችሁ፣ ከሆድ በታች መሃል ላይ ሁለቱ አጥንቶች እስከሚጋጠሙበት ድረስ መስመር ብታሰምሩ፣ እኩሌታው ላይ ነው። ከሆድ የወረደው ትልቁ ደም ቅዳ እዚያ ጋ የብሽሽቱን ጅማት ሲያልፍ ስሙን ይቀይራል። ፌሞራል ይባላል። አንድ መንገድ አደባባይ ባለፈ ቁጥር ስሙን እንደሚቀይረው ማለት ነው፤ አስፋልቱ ያው ነው። ከእሱ ወደ ውስጥ በኩል ደም መልሱ አለ። ወደ ውጭ በኩል ነርቩ አለ።

መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ፌሞራል ከጅማቱ በታች 4 ሳንቲሜትር ገደማ ከወረደ በኋላ ከጀርባውና ከውጭ ጎኑ ትልቅ ቅርንጫፍ ያወጣል። ፕሮፈንዳ ይሉታል፤ ጥልቁ ማለት ነው። ዋናው ቱቦ ወደ ጉልበት ጉዞውን ይቀጥላል፤ ጭኑን ግን ብዙም አይመግብም። የጭን ሥጋ የሚበላው ከፕሮፈንዳ ነው። ፕሮፈንዳ ደግሞ ሁለት ቅርንጫፎች ያወጣል፤ አንዱ በውጭ፣ አንዱ በውስጥ በኩል የጭኑን አጥንት አንገት ይዞራሉ። ሰርከምፍሌክስ ይባላሉ፤ ዟሪዎቹ እንበላቸው። ከዚያ በታች ጡንቻውን እየበሱ ወደ ኋላ የሚያልፉ ሦስት አራት ቀዳጆች አሉ።

ይህ ነው የመጽሐፉ ታፋ።

ፕሮቤን፣ ያን ቆዳ ላይ የሚንሸራተተውን የአልትራሳውንድ መያዣ፣ ጋሼ ብሽሽት ላይ አሳረፍኩ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ መጣ። ጋሼ አንገታቸውን አዙረው አዩና "ሰማያዊው ቆሻሻው ደም ነው?" አሉ። ሁሉም ሰው ይህን ይጠይቃል። አይደለም። ቀለሙ የሚነግረን አቅጣጫ ብቻ ነው። ወደ ፕሮቡ የሚመጣው በአንዱ ቀለም፣ ከፕሮቡ የሚሸሸው በሌላው ይታያል። አንድ ቁልፍ ብነካ ይገለበጣል። ነካሁና አሳየኋቸው። "ይሄማ ማጭበርበር ነው" አሉ።

ከዚያ ዝም አልኩ። ጋሼም ዝምታዬ ገባቸው።

"ምን አገኘሽ?"

ፕሮፈንዳቸው የለም ልል ነበር። 4 ሳንቲሜትር ላይ ፈለግኩት፣ የለም። 5 ላይ ፈለግኩት፣ የለም። ወደ ላይ ተመለስኩ። ጅማቱን እንዳለፈ፣ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል እንኳ ሳይወርድ ወጥቷል። በውጭ በኩል የሚዞረው ቅርንጫፍ ደግሞ ጭራሽ ከእሱ አልወጣም። ከዋናው ከፌሞራል በቀጥታ ነው የተነሣው። እኔ 4 ሳንቲሜትር ላይ ፕሮፈንዳ መስሎኝ ስከተለው የነበረው እሱን ኖሯል።

ነገርኳቸው። ጣቴን ጭናቸው ላይ እያሳየሁ፣ መጽሐፉ እዚህ ይላል፣ የእርስዎ እዚህ ነው አልኩ።

"ጎደሎ ነኝ ማለት ነው?"

"ኧረ በፍጹም። ምንም አልጎደለም። አካሄዱ ነው የተለየው።"

"እንደሱ በይኝ!" አሉና ተረጋግተው ተኙ። "ልጄ፣ የሁሉም በሬ ታፋ አንድ ይመስልሻል? ሥጋው አንድ ነው። ሽፋኑ አንድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ። ሥሩን ግን አላምነውም። አንዱ ላይ ቢላዬ በጠበቀው ቦታ ያገኘዋል። አንዱ ላይ ሌላ ቦታ ተደብቆ ይጠብቀኛል። ስንቴ ነጭ ጋውኔን አበላሽቶብኛል!"

ይህን ለማወቅ እኛ ስንት ዓመት ተምረናል። ሪቻርድ ኩዌይን የተባለ አየርላንዳዊ የአናቶሚ መምህር ከ1,000 በላይ አስከሬኖች ላይ ደም ቅዳዎችን አንድ በአንድ መርምሮ በ1844 እ.ኤ.አ. በትልልቅ ሥዕሎች አሳትሞታል። ከእሱ በኋላ የመጡትም እስከ ዛሬ እየቆጠሩ ነው። ቆጠራው ሲደመር የመጽሐፉ ታፋ ያን ያህል የሁሉም ታፋ አይደለም። በውጭ የሚዞረው ቅርንጫፍ ከ10 ሰው በ7ቱ ወይም በ8ቱ ከፕሮፈንዳ ይነሣል። በውስጥ የሚዞረው ደግሞ ከ10 በ6ቱ ወይም በ7ቱ። የቀሩት አብዛኞቹ ከፌሞራል በቀጥታ ነው የሚያወጡት። ሁለቱም ዟሪዎች በመጽሐፉ ቦታ የተገኙለት ሰው እንግዲህ ከዚያም ያነሰ ነው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ብናስተኛ፣ አምስት ስድስቱ አንድ ነገር ይለወጥባቸዋል። የግራና የቀኝ እግራቸው እንኳ የማይመሳሰል ሰዎች አሉ። የጋሼን ግራ አየሁት፤ ቁጭ የመጽሐፉ!

ለጋሼ የኩዌይንን ነገር ስነግራቸው "ይሄ ሰውዬ ሠንጋ ተራ ቢመጣ እቀጥረው ነበር" አሉ።

ለምን ይለያያል? ይህን የጠየቀችኝ ልጃቸው ናት። ውጭ መጠበቅ አልችል ብላ ገብታ ነበር። መልሱን ከአዲስ አበባ መንገድ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መጀመሪያ መንገድ አልተቀየሰም። መጀመሪያ መኳንንቱ በየጉብታው ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባለው ለምን ይመስላችኋል? ሰውና በቅሎ ከሰፈር ሰፈር ሲመላለስ እግሩ የመረጠው ሁሉ መንገድ ሆነ። ብዙ የተረገጠው ሰፋ። ያልተረገጠው ሣር በቀለበት። ደም ሥርም እንደዚያ ነው። ፅንሱ ውስጥ መጀመሪያ ያለው እንደ መረብ የተያያዘ የቀጫጭን ሥሮች ድር ነው። ደም የበዛበት መንገድ ይሰፋል፣ ያነሰበት ይጠፋል። ደሙ አንዷን አቋራጭ ትንሽ ከፍ ብሎ ከመረጠ ፕሮፈንዳ ከፍ ብሎ ይወጣል። በቃ።

ከዚህም የሚገርም አለ። እግር ማኅፀን ውስጥ ሲበቅል ዋናው ደም ቅዳው በፊት በኩል አይደለም የሚመጣው። በኋላ በኩል ነው፣ በመቀመጫ፣ ከትልቁ ነርቭ ጎን። የፊተኛው፣ ፌሞራል፣ ዘግይቶ አድጎ በሦስተኛው ወር ገደማ ሥራውን ይረከባል። የኋለኛው ያን ጊዜ ይከስማል፤ ቋንጃ ላይና መቀመጫ ላይ ቁርጥራጩ ይቀራል። ከ10,000 ሰው በሦስቱ እስከ ስድስቱ ግን አይከስምም። ሰውየው አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ እግሩ አሁንም በፅንስነት መንገዱ ይመገባል። መጀመሪያ የጻፈው ግሪን የሚባል ሰው ነው፣ በ1832 እ.ኤ.አ.። ፌሞራሉ ቀጥኖ የቀረ ከሆነ ብሽሽቱ ላይ ትርታ አይገኝም፣ ቋንጃው ላይ ግን ይገኛል። ነገሩ ተረት ይመስላል። ችግሩ ሥሩ መቀመጫ ላይ ማለፉ ነው፤ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ይደቆሳል፣ ከጊዜ በኋላ ሊያብጥ፣ ሊዘጋም ይችላል። እኔ እስከ ዛሬ አንድም አላጋጠመኝም። ብሽሽት ላይ ትርታ ባጣሁ ቁጥር ግን ጣቴ ሳላዘው ቋንጃ ላይ ይሄዳል።

የጋሼ ችግር ግን ይህ አይደለም። ከፍ ብሎ የወጣ ፕሮፈንዳ ማንንም አያሳምምም። ስለዚህ ወደ ታች ወረድኩ።

ፌሞራል ጭኑ መሃል ላይ ጡንቻዎች መሃል ባለ ዋሻ ያልፋል። ከዋሻው ሲወጣ ቋንጃ ነው። እግር ላይ ደም ሥር የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ መውጫው አካባቢ ነው። የጋሼም እዚሁ ነው የተዘጋው። ድምፁን ከፈትኩት። ላይ ጤነኛው ቦታ ላይ ዶፕለሩ፣ የደሙን ፍሰት በድምፅ የሚያሰማን የማሽኑ ክፍል፣ በየምቱ ሦስቴ ይናገራል፤ ጠንካራ ምት፣ አጭር መልስ፣ ቀጭን ማሳረጊያ። የጋሼ ታች ላይ አንድ ለስላሳ ሿ ብቻ ነው። የቁርጭምጭሚታቸውን ግፊት ከክንዳቸው ግፊት ጋር ሳካፍለው 0.6 መጣ። ከ0.9 በታች ሲሆን ልክ አይደለም። 40 ዓመት ያጨሱ ሰው ናቸው። ስኳርም አለባቸው።

"ተዘግቶ ታዲያ እንዴት ነው የምሄደው?"

ጥያቄው ደስ አለኝ። የሚሄዱት በዚያ ቦታውን በቀየረው ፕሮፈንዳ ነው። ከላይ ይነሣል፣ ቀዳጆቹ በጭኑ ኋላ ይወርዳሉ፣ ጉልበት አካባቢ ካሉት ትንንሽ ሥሮች ጋር ተያይዘው የተዘጋውን አልፈው ቋንጃ ላይ ደም ያፈሳሉ። ዋናው መንገድ ተዘግቶ በውስጥ ለውስጥ እንደሚዞር ሚኒባስ። ቁጭ ላሉ ሰው ይበቃል። አንበሳው ድረስም ይበቃል። ከአንበሳው ወዲያ ነው የማይበቃው።

በዚህ መንገድ እግር እንደሚተርፍ ያሳየው ቀዶ ሐኪሙ ጆን ሀንተር ነው። በ1785 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ የ45 ዓመት ሠረገላ ነጂ ቋንጃው ላይ ያለው ደም ቅዳ አብጦ ሊፈነዳ ደረሰ። ያን ጊዜ ለዚህ በሽታ እግር መቁረጥ የተለመደ ነበር። ሀንተር ቋንጃውን አልነካውም። ከላይ ጭኑ ላይ፣ ያ ዋሻ ጋ፣ ፌሞራልን በክር አሰረው። እግሩ አልሞተም። ሰውየው ተነሥቶ ሄደ። ዋሻው ዛሬም በሀንተር ስም ይጠራል። እኔ ይህን ለተማሪዎች ስናገር ሠረገላ ነጂውን አልረሳውም። በስሙ ግን ዋሻ የሰየመለት የለም።

ታዲያ ፕሮፈንዳ ከየት ወጣ አልወጣ ምን ይጨምራል? ይጨምራል። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም።

ኢንተርን ነበርኩ። ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ሌሊቱን ግን ሰዓቱን ጭምር አስታውሳለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንዲት ወጣት እናት ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት ገብታለች። እጇ ላይ ሥር ጠፋ። ከብሽሽት ደም ልወስድ ተነሣሁ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ትርታውን በጣትህ ያዝ፣ ከእሱ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ግባ፣ ደም መልሱ እዚያ ነው። እንደዚያ አደረግኩ። መርፌው ውስጥ የመጣው ግን ጥቁር ቀይ አልነበረም። ቦግ ያለ ቀይ ነበር፤ እየገፋ ነው የመጣው። አወጣሁና ጫንኩ። ሩብ ሰዓት ጫንኩ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ለሌላ ታማሚ ተጠራሁ፣ ቶሎ ለቀቅኩ። ሲነጋ ጭኗ አብጦ፣ እስከ ጉልበቷ ጠቁሯል።

እናቷ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል። አልተቆጡኝም። "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺም እንቅልፍ የለሽም" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ሲኒየሩ አልትራሳውንድ እየገፋ መጣ። ፕሮቡን አሳረፈና ጠራኝ። ፕሮፈንዳዋ በውጭ በኩል አልወጣም። በውስጥ በኩል ወጥቶ፣ በደም መልሱ ፊት ተሻግሮ ነው ወደ ጥልቁ የሚገባው። መርፌዬ ደም መልሱ ላይ ከመድረሱ በፊት እሱን አግኝቶታል። "ቦታው ላይ ነበርሽ" አለኝ ሲኒየሩ። "እሷ ናት ቦታው ላይ ያልነበረችው።" ለማጽናናት ነው ያለው። እኔ ግን ዛሬም አልቀበለውም። እሷ ቦታዋ ላይ ነበረች። ልጅቷ ዳነች፤ ጥቁረቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ራዲዮሎጂ የገባሁት በዚያች ጠዋት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በጋሼ ላይም ጉዳዩ ይኸው ነው። የተዘጋውን ደም ሥሩ ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ እንክፈት ከተባለ ሐኪሙ አንዱ ምርጫው በዚያው እግር ብሽሽት ላይ መርፌ አስገብቶ ወደ ታች መውረድ ነው። ለዚያ ከጅማቱ እስከ ቅርንጫፉ ድረስ በቂ ቦታ ይፈልጋል። የጋሼ ቦታ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ከዚያ በታች ቢወጋ ከሁለቱ አንዱን ጠባብ ቱቦ ነው የሚወጋው፤ ፕሮፈንዳውን ከጎዳው ደግሞ ያን እግሩን በሕይወት ያቆየ ሥር ጎዳ ማለት ነው። ከጅማቱ በላይ ቢወጋ ደግሞ ደሙ ወደ ሆድ ጀርባ ይፈሳል፤ ከሥሩ የሚጫንበት አጥንት ስለሌለ በእጅ አይቆምም። ስለዚህ ይሻል የነበረው በግራ እግር ገብቶ፣ ሆድ ውስጥ ዞሮ ወደ ቀኝ መውረድ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለዟሪዎቹም የሚጨነቅላቸው አለ። እናቶቻችን መታጠቢያ ቤት ወድቀው የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር፣ የአጥንቱ ራስ የሚሞተው በአብዛኛው የውስጠኛው ዟሪ ቅርንጫፎች ስለሚቀደዱ ነው። የተበላሸ አገጭ በጭን ቆዳ የሚሠሩ ሐኪሞች ደግሞ የውጨኛውን ዟሪ ወራጅ ቅርንጫፍ ይዘው ነው ቆዳውን የሚያነሡት፤ ቢላ ከማንሣታቸው በፊት በዶፕለር እየሰሙ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። ከየት እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚምልላቸው የለም።

ሪፖርቱን ስጽፍ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ብዙ ቦታ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለ። "የደም ሥሮቹ አካሄድ ጤናማ ነው" ይላል። ሰው ሳያይ ይጫነዋል። ራሴም ሥራ በበዛበት ቀን ተጭኜው አውቃለሁ። ለጋሼ ግን ሰረዝኩት። የፕሮፈንዳውን መነሻ በሚሊሜትር ጻፍኩ፣ የዟሪውን መነሻ ጻፍኩ፣ ፎቶውን አያያዝኩ። ጽሑፍ ስለማይነበብ ደግሞ ለላካቸው ሐኪም ስልክ ደወልኩ። ሐኪሙ ሰምቶኝ ሲጨርስ "ለጊዜው ማንም አይወጋቸውም፤ ይሂዱ" አለኝ።

ይሂዱ ያለው በእግራቸው ነው። ለዚህ በሽታ ከመድኃኒቱ እኩል የሚሠራው መራመድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንት። እስኪያም መሄድ፣ ሲያም መቆም፣ ሲለቅ እንደገና መሄድ። ሲጋራ ግን ዛሬውኑ ይቆማል። አስፕሪኑም፣ የኮሌስትሮል መድኃኒቱም፣ ስኳሩም አለ። ጋሼ የሰሙት አንዷን ብቻ ነው።

"ታዲያ እኔ ምን ሳደርግ ነው የኖርኩት? እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ።"

"በፕሮግራም ይሁን ነው ጋሼ። ሲጋራ ሳይዙ።"

ከአራት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ምሳ ሰዓት ላይ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ሳልፍ አየኋቸው። አንበሳው ፊት ቆመዋል። ልቤ ደንገጥ አለ። አልተሻላቸውም ማለት ነው ብዬ ተጠጋሁ።

"ያዝዎት እንዴ ጋሼ?"

"ማን? ኧረ ዛሬ ተክለሃይማኖት ደርሼ ተመልሻለሁ።" ባታቸውን መታ መታ አደረጉ። ሲጋራ ሲጋራ አይሸቱም፤ አሸተትኩ። "እዚህ የቆምኩት ለሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስቆም ልብ ብዬ አላየሁትም ኖሯል።"

በከዘራቸው ጫፍ ወደ አንበሳው የኋላ እግር አሳዩኝ።

"እስቲ ታፋውን እዪው። ድፍን ነው። ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ብልት አውጥቶ አያውቅም።"